ሰባተኛው ኩርባ ላይ ማንም አይቆምም

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ማንበቡን እዚሁ ተዉት፣ አልቀየማችሁም። እኔ የምጽፈው ላስፈራችሁ ሳይሆን ከእህቴ በቀር የሚያምነኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ተራራውን ጉም ውጦት አስፋልቱ ከአስር እርምጃ በላይ አይታይም።

እዚያ በድብቅ ድሪፍት፣ ማለትም መኪናውን በየኩርባው እያንሸራተቱ፣ የሚወዳደሩት ልጆች አንድ ሕግ አላቸው። አንዳቸው ገደል ከገባ፣ የቀረውን ተራ የሥጋ ዘመዱ ይነዳለታል። ያ ካልሆነ ማንም አይወርድም።

ታላቅ ወንድሜ ሰባተኛው ኩርባ ላይ ገደል ከገባ ሁለት ወሩ ነበር።

ወድጄ አልገባሁበትም። እኔ መካኒክ ነኝ፤ መኪና የምወደው ቆሞ ነው። ወንድሜም "ፈሪ ለእናቱ" እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል።

ግን "ማን ይነዳለታል?" ሲባል እህቴ እጇን ልታወጣ ስትል አየኋት። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታችን ሁለተኛ ልጅ ትቅበር?

"እኔ እነዳለሁ" አልኩ።

በየኩርባው አንድ ሰው ሬዲዮ ይዞ ይቆማል። ከታች የሚመጣ መኪና ከሌለ "ነፃ" ይላል። ሰው የሞተበት ኩርባ ላይ ግን ዓመት እስኪሞላ ማንም አይቆምም፤ ሹፌሩ ራሱ ቀስ ብሎ ያልፋል።

እህቴን ስድስተኛው ላይ አቆሟት።

አለቃቸው ጎሚስታው ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ።

"ሰባት ላይ ፍሬን ያዝ። እሺ?"

"እሺ ጋሼ።"

ወረድኩ።

"አንድ ነፃ።" የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ።

"ሁለት ነፃ..."

"አምስት ነፃ።"

ስድስት... ዝም።

"ስድስት! አንቺ ልጅ!" አለ ጎሚስታው በሬዲዮ።

ዝም...

ቦታዋ ላይ ስደርስ ማንም አልነበረም።

ያኔ ሬዲዮው ተንሿሿ።

"ሰባት ነፃ። ልቀቀው እንጂ፣ አንተ ፈሪ..."

የወንድሜ ድምፅ ነበር። እያሾፈ... ልክ ቁርስ ላይ እንደሚያወራኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ እሱ ያለኝን ሳደርግ ነው የኖርኩት። እግሬም ነዳጁ ላይ ነበር። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ... ፈራሁ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት።

መኪናው ተሽከርክሮ ቆመ።

እህቴ ከመኪናው ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቃ፣ መንገዱ መሃል ቆማለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?!"

"አንተ አይደለህ እንዴ በሬዲዮ የጠራኸኝ?" አለች በሹክሹክታ። "መኪናው ተበላሽቶብኛል፣ ሰባት ጋ ውረጂና መሃል ላይ ጠብቂኝ አልከኝ..."

"እኔ አልጠራሁሽም።"

"ድምፅህ ነበር።"

ሁለታችንም ሬዲዮዎቻችንን አጠፋን።

ወንድሜን እወደው ነበር። አሁን እናቴ ፎቶውን አቅፋ ስታለቅስ አያለሁ። ምን ልበላት? ልጅሽ ብቻውን መሆን አቅቶት እህቱን በእኔ እጅ ሊያስገድላት ነበር ልበላት?

ያኔ ኩርባው ላይ የእህቴን ክንድ ይዤ ወደ መኪናው ስጎትታት ደርቃ ቀረች።

"እየው..."

ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ሁለት ቀይ የኋላ መብራቶች በርተዋል። እዚያ መንገድ የለም። ከታች ገደል ነው።

ሞተሩ በቀስታ ይሠራል።

ከዚያ... በሩ ሲከፈት ሰማን።