የእናቷ ሰማንያ ገጾች

ልጅቷ ሃርድ ዲስኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትንፋሿን ያዘች። ምንም የለም። ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅላ መልሳ ሰካችው። አሁንም ጭጭ።

«በቃ፣ ተበላሁ!» አለች፤ ጮክ ብላ መናገሯንም አላወቀችም።

ኮምፒውተር የምትጠግነው አክስቷ ከሱቁ በር ላይ አንድ ደንበኛ እየሸኘች ነበርና ዘወር አለች። «ምን ሆነሽ ነው? ደግሞ ያ የማን ዲስክ ነው?»

«የቤታችን ነው። የእማዬ ጽሑፍ ያለበት።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለችም፤ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጠዋት የቤታቸው ዴስክቶፕ ድው ብሎ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ሸትቶ ጠፋ። ነርሷ እናቷ ከሥራ መልስ እየተማረች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለት ጣት እየለቀመች የጻፈችው የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው። ሰማንያ ገጽ! የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ነገ። እናቷ ግን ቅንጣት አልደነገጠችም። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልጄ በየቅዳሜው ፍላሽ ላይ ትገለብጥልኝ የለ!» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ልጅ ሆዬ ግን አልገለበጠችም። ስምንት ቅዳሜ «ገለበጥሽልኝ?» ስትባል፣ ስምንት ጊዜ «አዎ እማ!» ብላለች። ፍላሹ በተከታታይ ድራማ ጢም ብሎ ነበር። ነገ አጠፋዋለሁ፣ ነገ አጠፋዋለሁ ስትል ኮምፒውተሩ ቀደማት። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ክዳኑን ፈታች፣ ዲስኩን አወጣች፣ በፎጣ ጠቅልላም እየሮጠች እዚህ መጣች።

«አንቺ ጉድ!» አለች አክስቷ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ያቺን የመሰለች እህቴን ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሸወድሻት?»

«አክስቴ በናትሽ፣ አሁን አትቆጪኝ። ሞቶብኛል።»

አክስቷ ዲስኩን ተቀብላ አገላበጠችው። «በምን ሰካሽው?»

«በዚህ ገመድ። ባለፈው የአንዱን ደንበኛሽን ዲስክ በዚሁ ከፍተሽው አልነበር?»

«እሱ የላፕቶፕ ዲስክ ነዋ! ትንሽ ስለሆነ ላፕቶፑ በገመዱ የሚልክለት ኃይል ይበቃዋል። ይሄ ወፍራሙ የዴስክቶፕ ነው፤ የራሱን መብራት ካላገኘ ንቅንቅ አይልም።» ፈገግ አለች። «አልሞተም የኔ እናት። ርቦት ነው።»

ከመሳቢያዋ የራሱ የመብራት ገመድ ያለው ሌላ ማገናኛ አወጣች። አንዱን ጫፍ ዲስኩ ላይ፣ አንዱን ላፕቶፑ ላይ፣ ሦስተኛውን ግድግዳው ላይ ሰካች። ዲስኩ ዥዥዥ ብሎ መዞር ጀመረ።

«ተነሳ! ተነሳ እኮ!» ልጅቷ ልትጨብጠው እጇን ሰደደች።

«እጅሽን ሰብስቢ! እየዞረ ከወደቀ ያኔ የእውነት ይሞትብሻል።»

የእናቷን ፎልደር ስትነካው ግን ስክሪኑ ላይ «ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» የሚል ጽሑፍ ዱብ አለ። «ወይኔ ጽሑፉ!» ብላ ራሷን ያዘች። አክስቷ ሳቀችባት። «ከራሱ ኮምፒውተር ስለወጣ ነው፤ ይሄኛው ላፕቶፕ የፎልደሩን ባለቤት አያውቃትም። ‹ቀጥል› የሚለውን ተጫኚ።»

ተጫነች። አረንጓዴው መስመር እየተንቀረፈፈ ሄዶ ሄዶ ሞላ። ጽሑፉ ተከፈተ። ቁልቁል እየሮጠች መጨረሻው ገጽ ድረስ ወረደች። ሰማንያ! አንድም አልጎደለም።

«እፎይ! እፎይ አምላኬ! ቀላል ደነገጥኩ እንዴ!» አክስቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ እየሳቀች አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወረደላትም ነበር።

ድራማውን በሙሉ ከፍላሹ አጠፋች፣ ጽሑፉንም ገለበጠች። አክስቷ ጉንጯን ቆንጠጥ አደረገቻት። «እንግዲህ ፍላሹ ላይ አለ። ለእናትሽ የምትነግሪያት ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ የለሁበትም።»

ልጅቷ አሰበችው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እውነትም ማንም።

እናቷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ስትመለስ እንደ ልማዷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እህቷ ሱቅ ገባች። ጽሑፏን ስክሪኑ ላይ ስታይ ልጇን ስባ ግንባሯን ሳመቻት። «ተባረኪ! ዛሬ ሥራ ቦታ ሁሉም ‹ምን ሊውጥሽ ነው?› ሲሉኝ፣ ‹እኔ እኮ ልጅ አለችኝ!› አልኳቸው።»

ይህን ስትሰማ ልጅቷ ፊቷ ጋለ። መሬት መሬቱን እያየች፣ «እማ፣ ፍላሹ ላይ አልነበረም» አለች። «አንድም ቅዳሜ አልገለበጥኩም። ዋሽቼሽ ነው። አሁን ነው ከዲስኩ ያወጣነው።»

አክስቷ የወደቀ ብሎን የምትለቅም ይመስል ጠረጴዛው ስር ገባች። እናቷ ዲስኩን አየች፣ ልጇን አየች። ልጅቷ እጅግ አፈረች፤ ቢሆንም ቀለል ብሏታል።

«አሁንስ ገልብጠሻል?» አለች እናቷ በመጨረሻ።

«አዎ» አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካች፣ ወንበሩንም ለእናቷ ሳበችላት።

«ነይ እማ፣ ራስሽ እዪው።»