ሮዙ ሪባን የሚያልቅበት

የኤቨረት ሬሳ ከገደሉ ሥር፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንጋሎ ነበር። የደን ጥበቃ መርማሪዋ ኦዴት ጎንበስ ብላ እጁን አየች። ከተሰበረ ጭራሮ ጋር ሮዝ ሪባን ጨብጧል፤ ሪባኑ ጭራሮው ላይ ጠብቆ እንደተቋጠረ ነው።

«ተደናቅፎ ነው» አለ የሚስቱ ወንድም ሬይ። «ጠዋት ጉሙ የራስህን እጅ አያሳይም ነበር።»

«ኤቨረት አይደናቀፍም» አለች ሚስቱ ኮሪን። «ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲመራ ኖሮ፣ ገደል ማየት ያቃተው ሽማግሌ ይበሉት? ያን ስም አሸክሜ አልቀብረውም፣ ኦዴት።»

እኛ የአዲሮንዳክ ተራራ ወጪዎች፣ የተሠራ መንገድ እያለልን ጫካ የምንጥስ ጉዶች ነን። ቁመተ ረጅሙ ኤቨረትና ጓደኛው ሆሊስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጫፎቹን አዳርሰው የቀረቻቸው ይህች ጫፍ ብቻ ነበረች። አብረን እንረግጣታለን ተባብለዋል። ኤቨረት ባለፈው ሳምንት ብቻውን መጥቶ መሄጃውን በሪባን ምልክት አድርጎበት ነበር። ጫካ ውስጥ ቆሻሻ መተው ነውር ስለሆነ፣ የመጨረሻው ሰው ሪባኑን እየፈታ ይመጣል። ዛሬ ኤቨረት ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ ኮሪንና ሬይ ጉሙ ሲገለጥ ተከትለው አገኙት።

ሆሊስ ወንዙ ዳር፣ ድንኳኑ ደጃፍ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?» አለችው ኦዴት።

«እዚሁ ታች፣ ጉልበቴን ውሃ ውስጥ ነክሬ።»

«ወደ ላይ አልወጡም?»

«በዚህ ጉልበት? ተይኝ እስቲ ልጄ።»

«እኛ ከኤቨረት ጋር ዓሣ ስናጠምድ ነበር» አለ ሬይ። «አንድም አልያዝኩም።»

«ሲሳደብ ግን አምሽቷል» አለች ኮሪን።

ኦዴት የሆሊስን ኮሌታ ትንሽ አየት አድርጋ ወደ ተራራው ወጣች። ስትመለስ ሦስቱንም ሰብስባ ሁለት ሪባን ግንድ ላይ ዘረጋች።

«ይሄ ከታች የፈታሁት ነው። ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል፤ ኤቨረት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያስረው። ይሄኛው እጁ ላይ የነበረው ነው። ጠብቆ ተቋጥሯል፣ ከቋጠሮው ራቅ ብሎ ደግሞ የቀድሞ ቋጠሮ እጥፋት አለው። ጥድ ከሚጀምርበት ወዲያ ያሉት ጥቂቶቹም እንደዚህ ናቸው። ተፈትተው ወደ ገደሉ ዞረዋል። በዚያ ጉም የራሱን ምልክት ማን ይጠራጠራል?»

«ማነው ያዞራቸው?» አለች ኮሪን።

«ትናንት እናንተ ሁለታችሁ ከኤቨረት ጋር ነበራችሁ። አቶ ሆሊስ፣ ኮሌታዎን ያራግፉት እስቲ።»

ቀጫጭን የጥድ ቅጠል ትከሻው ላይ ረገፈ።

«ጫካ ውስጥ ቅጠል መች ይጠፋል?» አለ ሆሊስ።

«እዚህም፣ ትናንት ወደዚህ ስትመጡ ባለፋችሁበትም ያለው ሰፋፊ ቅጠል ነው። ጥዱ የሚጀምረው ላይ፣ ሪባኖቹ የዞሩበት ቦታ ነው።»

ሆሊስ ትከሻውን በእጁ ጠረገ።

«ብቻውን ረገጣት» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ሪባኑ ወደ ጫፉ ሲወጣ አየሁት። ጉልበቴ ሲከዳኝ እሱም ከዳኝ። እንዲጠፋ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ቢጠፋ ወደ ድንኳኑ ይመለስ ነበር። እርስዎ ግን የመጨረሻውን ያሰሩት ገደሉ አፍ ላይ ነው።»

ሆሊስ የተዘረጋውን ሪባን በጣቱ ገፋ አደረገው።

«እርስዎ ከነኩት አልፌ፣ የቀድሞውን መስመር እስከ መጨረሻው ሄጄበታለሁ» አለች ኦዴት። «የወደቀውን ግንድ በመጋዝ ቆርጧል፤ ዳገቱን ደረጃ አድርጎ ቆፍሯል። መስመሩ ከጫፉ በታች ያልቃል። ከዚያ በላይ ድንጋዩን የሸፈነውን ለስላሳ አረንጓዴ ሣር መሰል ተክል የሰው እግር አልነካውም።»

«ለጉልበትህ ነው እኮ» አለች ኮሪን። «መንገዱን ላበጅለት ነው፣ እንዳትነግሪው፣ ይናደዳል አለኝ።»

ኦዴት አዲስ የተቆረጠ ምርኩዝ አወጣች። «ይሄ መስመሩ ያለቀበት ዛፍ ላይ ተደግፎ ነበር። ለኤቨረት ያጥራል።»

ኮሪን ምርኩዙን አይታ ፊቷን አዞረች። «ተደናቅፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

ቁልቁለቱን ሊወስዱት ሲያስነሱት የሆሊስ ጉልበት ተብረከረከ። የሚደግፈው ሰው አልነበረም። እጁን ዘርግቶ ምርኩዙን ያዘ። ልኩ ነበር።