የቆረበ ሰው መፋቂያ

አያ መሳፍንት ከጓሮው ወይራ ሥር በጀርባው ተዘርሯል፤ መፋቂያው ከከንፈሩ መሃል እንደተሰካ ነው። ሚስቱ ሔዋን እጇን ታስራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ጡት ያልጣለ ልጇ ከጎረቤት ቤት ሲያለቅስ ይሰማል።

«እንጨቱ ምረንዝ ነው፤ መርዝ» አለ ከአማኑኤል ከተማ የመጣው ፖሊስ አብይ። «መፋቂያ የምትቆርጥለት ደግሞ እሷ ናት። ምን ቀረን?»

«ማሰብ» አለች ኢንስፔክተር ወለላ።

ከደብረ ማርቆስ ተጠርታ መምጣቷ ነው። ወለላ ሰነፍ አእምሮና ያልጸዳ ጥርስ አትወድም፤ እዚህ ግቢ ሁለቱም ሞልተው ጠበቋት። ተንበርክካ የሟቹን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ጥርሱ እንደ እሸት በቆሎ ነጭ ነው፤ በየመሃሉ ግን የጌሾ ብናኝ ተሰክቷል። የመፋቂያውን ጫፍ አገላብጣ አየችው። በድንጋይ ተቀጥቅጧል እንጂ ጥርስ አልነካውም።

«ዛሬ ጠላ ቀምሷል?» ስትል ሔዋንን ጠየቀቻት።

«ከእኔ ቤት ጠላ የለም፤ ጾሙን ሙሉ አልጠመቅሁም። ከቅዳሴ መጥተን እህል ቀመሰ፤ እኔ ልጄን አዝዬ እናቴ ዘንድ ወረድሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

የሟቹ ወንድም ዲያቆን እንዳላማው አንገቱን ደፍቷል። «ጠዋት ባልና ሚስት አብረው ቆረቡ። የቅዳሴውን ጠበል ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ሲቀድሱም ሲያስቀድሱም ለነበሩት ሁሉ የታወቀ ነው።»

«ማንም አልጠየቃችሁም?» አለች ወለላ።

አብይ ጫማውን አየ።

ጥርስ ነቃዩ ዓለምነው ሳይጠሩት ቀረበ። የራሱ ጥርስ ምጣድ ሥር የከረመ ጉልቻ ይመስላል። «እኔም ከጀርባው ቆሜ አስቀድሻለሁ፣ እመቤቴ። ሲፋቅ ውሎ ሲፋቅ ሞተ። እኔን ‹ጉጠትህን ቀቅል› እያለ መድረሻ ያሳጣኝ ነበር፤ ይኸው ጽዳት ገደለው።»

«ለምን ቀቅል አለህ?»

«የወለተ ኪዳን ልጅ መንጋጋዋ አብጦ ብትሞት በእኔ አሳበበ። ሊከሰኝም ዝቶ ነበር።»

ወለላ አብይን በሹክሹክታ ወደ ዓለምነው ቤት ላከችው። ማሰሮ ይዞ ሲመለስ ሁሉንም ከወይራው ሥር ሰበሰበች።

«ይህ ሰው ጥርሱን ሳይፋቅ ከሰው ፊት አይወጣም ነበር» አለች። «ዛሬ ግን ጌሾ ጥርሱ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ስለዚህ ጠላ ጠጥቷል፤ ከጠጣ በኋላ አልተፋቀም። ሊፋቅም አይችልም፤ የቆረበ ሰው አይተፋም፣ ድዱንም አያደማም። መፋቂያውን አፉ ውስጥ የከተተው መቁረቡን የማያውቅ ሰው ነው። ሔዋን አብራው ቆርባለች። ዲያቆኑ ጠበል አጠጥቷል። አንተስ፣ ከጀርባው ቆሜ ነበር ያልኸው?»

ዓለምነው እጁን ወደ አፉ ሰደደ።

«አላየሁትም ይሆናል፣ እመቤቴ፤ ሕዝቡ ብዙ ነበር…»

«ቤተ ክርስቲያን አልደረስህም። ጠላህን ይዘህ ‹እንታረቅ› ብለህ መጣህ። የማሰሮህን አተላ ሐኪም ያየዋል፤ ምረንዝ ይሸታል። ጉጠትህ ስንት አፍ ገብቶ ወጣ፣ አንድ ጥርስ ግን ማንበብ አላስተማረህም።»

«በደስታ ነው የጠጣው» አለ ዓለምነው እንደ መከራከር። «ያ ኩሩ፣ አንድም ጊዜ እምቢ አላለኝም።»

«እንዴት ይበልህ? የቆረበ ሰው ዕርቅ አይገፋም።»

አብይ የሔዋንን እጅ ሲፈታ ዓይኗን ሊያያት አልደፈረም። እሷም አላየችውም።

«ኢንስፔክተር፣ ጥርሱን ላጽዳለት? እንዲህ ሆኖ ከሰው ፊት መውጣት አይወድም» አለች ሔዋን።

«ሐኪሙ ካየው በኋላ፣ እኅቴ» አለች ወለላ። «አሁን ሂጂ፤ ልጅሽን አጥቢ።»