የታችኛው ገመድ

የሰደበኝ የድርጅታችን ባለቤት ልጅ ነው፤ የሽያጭ ኃላፊው። እሱ በሌለበት ሠራተኛው «ከረባት» ይለዋል። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ከምሳ መልስ። ከአንድ ባንክ የመጡ ደንበኞች ከሕንፃው ፊት ቆመዋል። እኔ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆኜ የሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ በገመድ አወርዳለሁ። አንደኛው ቀና ብሎ «ያ ሰውዬ ማነው?» አለ።

«ሰው አይደለም፤ ክሬናችን ነው» አለ ከረባት። «ነዳጅ አይፈልግም፤ ዳቦ ብቻ ነው የሚበላው።»

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ክሬኑ» ሆኖ ቀረ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እሱ ዲግሪ አለው። እንዲህ ያለው ነገር ስንተኛ ክፍል ላይ እንደሚሰጥ አላውቅም።

ሕንፃው ድርጅቱን በዕድሜ ይበልጠዋል። መጀመሪያ የጨርቅ ነጋዴ መጋዘን ነበር ይባላል። ሁላችንም ሽማግሌው የምንለው ባለቤቱ በወጣትነቱ ምድር ቤቱን ተከራይቶ የተማሪ አግዳሚ ወንበር መሥራት ጀመረ። ሥራው ሲሰፋ ወደ ላይ ወጣ፤ የቢሮ ጠረጴዛ፣ የፋይል ሳጥን፣ ተሽከርካሪ ወንበር። ብርሃን ያለው ሦስተኛው ፎቅ ስለሆነ አናጢዎቹ እዚያ ገቡ። ችግሩ ደረጃው ነው። ጠመዝማዛ ነው፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም። ማስፋት ደግሞ አይቻልም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግንቡ ላይ «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ ለጥፎበታል። ስለዚህ የተሠራው ሁሉ ነጋዴው ትቶት በሄደው መዘውር በመስኮት ይወርዳል።

አንዱን ገመድ ከላይ እኔ እይዛለሁ። ሌላው ዕቃው ላይ ታስሮ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ታች ያለው ሰው እየሳበ ዕቃውን ከግንቡ ያርቃል። ከመስኮቶቹ ሥር ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ የወይን ሐረግ አለ። ሐረጉ እንዳይሰበር፣ ጠረጴዛውም እንዳይጫር ነው።

የታችኛውን ገመድ የምትይዘው የከረባት ታናሽ እህት ነበረች። ቫርኒሽ ቀቢ ናት። ዕቃው ቢጫር መልሳ የምትቀባው እሷ ስለሆነች ገመዱን ለማንም አታምንም።

«አንተ የላዩ» ትለኛለች ከመንገዱ ማዶ፣ «ቀስ በል እንጂ። ጠላትህን ነው እንዴ የምታወርደው?»

«አንቺ የታቿ፣ አትሳቢ። እኔንም ጨምረሽ ልታወርጂኝ ነው።»

«ብትወርድ ምን አለበት? እዚያ ተቀምጠህ የሰው አናት ከምትቆጥር።»

«የማየው አንድ አናት ነው።»

መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። እሷ ዝም ትላለች። ገመዱ ግን ዝም አይልም፤ ስትቆጣ ይወጠራል፣ ሲደክማት ይረግባል። ዕቃው መሬት ከነካ በኋላ ደግሞ፣ የኔን ገመድ ከመፍታቷ በፊት፣ አንዴ ቀስ አድርጋ ትስበዋለች። ለሥራ አይደለም። እኔም መልሼ እስባለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ገደማ ሄደ።

ያን ሐሙስም ገመዱ በእጇ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከላይ አየሁት። ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ክፍል አስጠራችኝ። እጇ እስከ ክርኗ ቡናማ ሆኗል።

«ስቀሻል» አልኳት።

«አዎ፣ ስቄያለሁ። አባባሉ ያስቃል። ቤት ስገባ ደግሞ በዚሁ ከወንድሜ ጋር ተጣልቻለሁ። ሁለቱም ይሆናል።»

«ለኔ አይሆንም።»

«አንተ ቂምን እንደ እንጨት ነው የምታደርቀው» አለች። «እንጨት እንኳ የሚደርቀው ለሥራ ነው።»

ብሩሹን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። እስኪጠሩን ድረስ እንደዚያው ቆየን።

ድርጅቱ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ከረባት ሠራተኛውን ከሕንፃው ፊት ለፎቶ ደረደረ። እኔን «አንተ ከላይ ወንበር አንጠልጥልልን፤ ያምራል» አለኝ። ፎቶው ዛሬም መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ከኔ የወጣው ክንዴ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ካሜራውን ያያል፤ እሷ ቀና ብላለች።

በዓመቱ ከከተማው ዳር አዲስ ፋብሪካ ተሠራ። በሩ ሰፊ ነው፣ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት አለው፤ ገመድ አያስፈልገውም። አሮጌው ሕንፃ የዕቃ ማሳያ ሊሆን ነው። ልንለቅ አንድ ቀን ሲቀረን ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ።

«ለአባዬ ስለኛ ነግሬዋለሁ» አለች። «‹ልጁን በሥራው አውቀዋለሁ፤ ይምጣ› ብሏል። እሑድ ቤት ትመጣለህ።»

«ወንድምሽስ?»

«ነገ ራሱ ያናግርሃል። ‹አልፏል› በለው፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«ካላልኩትስ?»

«ካላልከው እሑድን እርሳው። በወንድሜና በባሌ መሀል ኩርፊያ ተሸክሜ አልኖርም። አልጠብቅህምም።»

ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው መሰለኝ፣ እጅጌዬ ላይ የነበረውን ሰጋቱራ አራገፈችልኝ።

በማግስቱ መጨረሻ የወረደው የሽማግሌው የመጀመሪያ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ሳይጫር የጭነት መኪናው ላይ አረፈ። በደረጃው ወረድኩ። ሽማግሌው ከሾፌሩ ጎን ገብቶ ተቀምጧል። እሷ ገመዷን ገና አልለቀቀችም። ከረባት ወደኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ክሬኑ» አለ ፈገግ ብሎ። ክፋት አልነበረውም፤ አፉ ለምዶት ነው። «የዚያን ጊዜውን ለጨዋታ ነው ያልኩት እኮ። አልፏል፣ አይደል?»

ሠራተኛው ጭነት ማሰሩን ትቶ አየን። እሷ ወንድሟን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«በለው» አለች ቀስ ብላ።

የቀኝ እጄን ጓንት አወለቅኩ። ልጨብጠው መስሏት ትከሻዋ ረገብ አለ። የግራውንም አወለቅኩ። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ የድርጅቱ ናቸው። ከዚያ እጁን ሳልጨብጥ፣ በእሷ አጠገብ አልፌ መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩ።