የኤልሳዕ አውራ ጣት

የቫዮሊን አስተማሪው ኤልሳዕ ከሞተ በኋላም የቫዮሊኑን መምቻ ደጋን እንደያዘ ነበር። ከሁሉ የሚያስጠላው ይኸው ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከሶዶ መናኸሪያ ጀርባ በምትገኘው ጠባብ የማስተማሪያ ክፍሉ፣ ከወንበሩ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ረግቶ ዝንብ ወሮታል። በቀኝ እጁ ደጋኑ ተሰክቷል፤ ትንሿ ጣቱ ዘንጉ ላይ ቄንጠኛ ሆና ተቆልምማለች፤ አውራ ጣቱ ከጥቁሩ እጀታ ሥር፣ ከውጭ በኩል ተለጥፏል።

ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ ተንበርክካ አየችና ፊቷን አጨፈገገች።

«የሚወድቅ ሰው የያዘውን ይለቃል» አለች። «ቁስሉም የዚያ የብረት ኖታ ማስቀመጫ እግር ቅርጽ አለው። ገዳዩ ከመታው በኋላ፣ ሲጫወት ወድቆ የሞተ እንዲመስል፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፎለታል። ቱ!»

ሬሳውን መጀመሪያ አገኘሁ ያለው ወንድም ባዳቾ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ኃላፊ። እሁድ እሁድ ስለ ትሕትና የሚሰብክ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ሰላም ሲሉት አገጩን ብቻ የሚነቀንቅ ሰው ነው።

«ሰው ገደለው ካሉ ሩቅ አይሂዱ ኢንስፔክተር» አለ። «ከዱቦ የምትመላለሰው ተማሪ አለች። በማስመሪያ ይመታት ነበር። ዛሬ ጠዋትም በሩ ላይ አይቻታለሁ።»

ፖሊሶቹ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። የሃያ ዓመቷ ሜላት ካቴና ገብቶላት በር ላይ ቆማለች። ሌላ ሰው ካልተገኘ ማታውኑ ማረፊያ ቤት ትገባለች።

«ይመታሽ ነበር?» አለቻት ዓመለወርቅ።

«አዎ።» ልጅቷ እጆቿን ዘረጋች፤ አውራ ጣቷ በልዞ አብጧል። «ትከሻሽ ተነሳ፣ አንጓሽ ተሰበረ እያለ። ቀጥ ብዬ እንድቆም ብሎ ጀርባዬ ላይ ጣውላ ያስርብኝ ነበር። ዛሬ የመጣሁት መተዌን ልነግረው ነው። ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ ተመለስኩ።»

ይህንን ነው ማስተማር የሚሉት! የሰው ልጅ እንደ አጥር እንጨት ከጣውላ ጋር እየታሰረ! የሟቹ ሚስት ሰገነት ይህን ሁሉ እያየች ኖራለች፤ አሁን አንገቷን ደፍታለች፤ ያን ጊዜ ግን ማንንም አላስጣለችም።

ዓመለወርቅ ካቴናውን አስፈታችና ከሟቹ ሳጥን ሌላ ደጋን አውጥታ ሰጠቻት። ሜላት እንደ ማማሰያ በጭብጧ ጨበጠችው።

«እንዲህ ነው የሚያዘው?»

«እንጃ። ይዤው አላውቅም። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቲቸር ለጀማሪ ሁለት ወር ሙሉ እርሳስ ነው የሚያስይዘው፤ ጣት እስኪለምድ።»

ዓመለወርቅ ይህን ሰምታ ወደ ጎረቤቱ ባለሱቅ ወደ ጠሃ ሄደች።

«የልጅቷ የቫዮሊን ድምፅ ይሰማዎታል?»

«የሷማ ድምፅም የለው፤ ከሰዓት የሚሰማኝ የማስመሪያው ጧ! ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሚመጣውን ይጠይቁኝ እንጂ! ወላሂ እህቴ፣ ጅራቷን በር የቆለፈባት ድመት ነው። ደንበኛው ሁሉ 'ምን እያረድክ ነው?' ይለኛል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ጮኸ። ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀና ጸጥ አለ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ሰውየውን አይተውታል?»

«በጓሮ ነው የሚገባው፤ ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ። ሌባ መስሎኝ ነበር። ሌባ ግን ድመት አያስለቅስም።»

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ወንድም ባዳቾ፣ እርስዎም ቫዮሊን ይችላሉ ይባላል።»

«አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ በጉባኤው ፊት የምጫወተው እኔ ነኝ።»

«እስኪ ያሳዩን።»

ባዳቾ ደጋኑን አነሳ። ትንሿ ጣቱ በቄንጥ ተቆልምማ ዘንጉ ላይ አረፈች። ዓመለወርቅ ደጋኑን ተቀብላ ለሰገነት ሰጠቻት። ባሏ ድሮ ያስተማራት ሰገነት አውራ ጣቷን ያላንዳች ማመንታት እጀታው ከዘንጉ ከሚገናኝበት ጥግ አስገባች።

«የእርስዎ አውራ ጣት ከውስጥ ነው፤ የወንድም ባዳቾ ከውጭ ነበር። ለምን?»

«ከውጭ የሚይዝ ጀማሪ ነው» አለች ሰገነት ዓይኗን ባዳቾ ላይ ተክላ። «ከእርሳስ በኋላ ኤልሳዕ እንደዚያ ያስይዛል፤ ጣት ሲጠነክር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እሱ ራሱ እንደዚያ ሲይዝ አይቼው አላውቅም።»

«ጠዋት ሬሳው ግን እንደዚያ ይዞ ነበር» አለች ዓመለወርቅ። «ጣቶቹን ያጠፈው ሰው ትክክለኛው አያያዝ እሱ ብቻ መስሎታል። ሰገነት ብትሆን ከውስጥ ታስገባው ነበር። ሜላት ደጋን ነክታ አታውቅም። ጠሃ የሚሰማው ደግሞ ደጋን የያዘ ጀማሪ ነው፤ ዛሬም እዚህ የነበረው እሱ ነው። ወንድም ባዳቾ፣ ግራ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ባዳቾ እጁን ኪሱ ከተተ። ጠሃ ክንዱን ይዞ አወጣው። የቀኝ እጁ ጥፍሮች ረጃጅም ናቸው፤ የግራዎቹ እስከ ሥጋው ተቆርጠዋል። እንደ ጀማሪ ገና ባልደነደኑት ጣቶቹ ጫፍ ላይ የቫዮሊን ክር ትኩስ ሰንበር ተጋድሟል።

«ሳቀብኝ» አለ ባዳቾ በመጨረሻ። «በጉባኤው ፊት 'ተማሪዬ ነው፤ ገና ጀማሪ ነው' እላለሁ አለኝ። እኔን!»

«ስለዚህ ገደሉት። አልበቃዎት ብሎ ይህችን ልጅ በምትክዎ ሊያሳስሯት ነበር።»

ባዳቾ ሜላትን ዞሮ እንኳ አላያትም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ።

ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ገደለ ብላችሁ ጻፉ፤ እሺ። ይማር ነበር ግን አትበሉ። ምእመናኑ እንዳይሰሙ።»

ሰገነት እግሩ ሥር ትፍ አለች። ዓመለወርቅ የቃል መቀበያ ቅጹን አወጣች፤ ስሙን ሞላች፤ ከዚያም «ሥራ» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፣ እሱ እያየ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ የቫዮሊን ጀማሪ።