ዳገቱ ላይ የቆመበት ምክንያት

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሰልፉ ሳይበተን። የሰደበው የአሥረኛ ክፍሉ ባምላኩ፣ የሩጫ ክበቡ አለቃ። መጀመሪያ የሳቀችው ሰብሊ፣ ቀጥሎ አንዷለም፣ ከዚያ ሰልፉ በሞላ። ስድቡም ቃል በቃል እንዲህ ነበር፦ «አንተ እኮ አስፋልት ላይ ያደግህ ነህ፤ ዳገት ብታይ ማን ከመረው ብለህ ትጠይቃለህ።»

የተሰደበው ልጅ ይርሳው ይባላል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ እሱ አንዲት ነገር ረስቶ አያውቅም። ሁለት ወር ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የፍኖተ ሰላምን ሜዳ ሜዳውን ከባጃጅ ኋላ ሲሮጥ ያቺ ንግግር ጫማው ውስጥ እንደገባች ጠጠር አብራው ትሮጥ ነበር።

የጥር ወር መጨረሻ ቅዳሜ ውድድሩ ደረሰ። በጅጋ መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ወጥቶ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ዞሮ መመለስ ነው። ከወንዶቹ ስድስቱ ለባሕር ዳሩ የክልል ውድድር ይመረጣሉ። ይርሳው ከስድስቱ አንዱ ሆኖ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከባምላኩ ጎን ተቀምጦ፣ ባሕር ዳር እስኪገቡ አንዲት ቃል ሳይተነፍስለት መሄድ ነበር የፈለገው። ሌላ አልተመኘም።

ወንዶቹ ቀድመው ተለቀቁ፤ ሴቶቹ ከሦስት ደቂቃ በኋላ። ይርሳው ገና ከመነሻው ፈተለከ። በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ አንደኛ፣ በሱቆቹ በኩል ሲያልፍ አንደኛ፣ ድልድዩ ላይም አንደኛ። ባምላኩ ከኋላ፣ ከመንጋው መሐል፣ አይጥ እንደምትጠብቅ ድመት አድፍጦ ይመጣል።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገቱ ጀመረ። አንዱን መታጠፊያ ሲጨርሱት አለቀ ይባላል፤ ከጀርባው ያለው ይብሳል። የይርሳው ደረት እንደ ወናፍ ይነፋ ጀመር፤ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆነበት። አንዱ አለፈው። ሁለተኛው አለፈው። ባምላኩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው አለፈ፤ ይቺ ከስድቡ ባሰች። እስከ አሥራ አንድ ቆጠረና መቁጠሩን ተወው።

ይኼኔ ነው የቤታቸው የንስሐ አባት፣ አባ ኪዳነ ማርያም፣ ጥላቸውን ይዘው በመንገዱ ማዶ ወደ ገበያ ሲወርዱ ያያቸው። የንስሐ አባቱን ሳይሳለም የሚያልፍ ልጅ በዚያ አገር ያልተቀጣ ይባላል። አባ ግን መስቀላቸውን አላወጡም። እንዲያውም «እለፍ፣ እለፍ» በሚል እጃቸውን አወናጨፉ። ይርሳው አስፋልቱን አቋርጦ ሄዶ ፊታቸው ቆመና አንገቱን ደፋ።

አባ ደንግጠው ከጋቢያቸው ሥር መስቀላቸውን እየፈለጉ፣ «ልጄ፣ ውድድር ላይ አይደለህም እንዴ?» አሉት።

«ነኝ አባ፤ እርስዎን ሳልሳለም...» ትንፋሹ አላስጨርሰው አለ።

መስቀሉ ግንባሩን ሲነካው፣ ምነው ጸሎቱ በረዘመ ሲል ራሱን ያዘው። እየተሳለመ አልነበረም። እያረፈ ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላው ኮቴ ሰማ፤ አጭር አጭር፣ የማይቸኩል። ምሥራቅ ናት። ክፍላቸው ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ከዳገቱ ማዶ የምትመጣ የገጠር ልጅ፤ ከተማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ አገሯ ትገባና እሑድ የሳምንት ስንቋን፣ በሶውንም ሽሮውንም ድርቆሹንም፣ በጀርባዋ አዝላ ትመለሳለች። ይርሳው ይኼን ያውቃል፤ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ያ ስንቅ የሚመጣው በዚህ ዳገት መሆኑን ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

ሦስት ደቂቃ ዘግይታ ተነሥታ ደረሰችበት። ዓይኗ ከፊቷ ሁለት ክንድ አያልፍም፤ የዳገቱን ጫፍ ቀና ብላ አላየችውም። ትከሻዋ ሸክም እንዳለበት ሰው ትከሻ እኩል ነው። አባ አጠገብ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች፤ እርምጃዋ ግን አልተቆረጠም። አባም በስተኋላዋ አየሩ ላይ አማተቡላትና «ይቅናሽ» አሉ።

ይርሳው ፈዝዞ ቀረ። መታጠፊያው ላይ ቅድም እሱን ካለፉት ወንዶች አንዱን ጥላው አለፈች፤ ቀጥሎ ሁለት አንድ ላይ። የምትወጣ አትመስልም፤ ዳገቱ ራሱ እንደ ምንጣፍ ከእግሯ ሥር እየተጠቀለለ የሚወርድ ይመስላል። የክንዱ ጸጉር ቆመ። በዕድሜው የመጀመሪያውን ነገር የረሳውም እዚያ ነው፤ ሩጫ ላይ መሆኑን።

«በል እንግዲህ ሂድ፣ ልጄ» አሉት አባ፣ በቀስታ።

ሄደ። እንደ እሷ አጭር ለመርገጥ ሞከረ፤ ትንሽ ተሳካለት፣ ግን ረፍዶበታል። አሥራ ዘጠነኛ ወጣ።

መድረሻው ሜዳ ላይ ተስፋው እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ጠበቀው። አብሮ አደጉ ነው፤ ነገር የማያመልጠው ልጅ። ለአንድ ተጠባባቂ ቦታ እንዳለ፣ መንገድ ላይ እንቅፋት የገጠመው እስከ ስድስት ሰዓት ለውድድሩ ኮሚቴ አቤት ማለት እንደሚችል፣ አንዱ ልጅ የገበያተኛ አህያ ገፋኝ ብሎ እየጻፈ መሆኑን አወራለት።

«አንተ ደግሞ አባ አስቆሙኝ በል። ቄስ የሚመረምር ኮሚቴ የለም።»

«አላስቆሙኝም እኮ።»

«ቆመሃል አልቆምክም?»

«ቆሜያለሁ።»

«እና አቦ፣ ምን ትፈላሰማለህ? ሁሉም አይቶሃል።»

እውነት ነው፤ ሁሉም አይቷል። አውቶቡሱ በዓይኑ ዞረ፤ ከባምላኩ ጎን ያለችው ወንበርም። አንዲት ቃል ብቻ ነው የጎደለችው፤ «አስቆሙኝ»። አባ ቢጠየቁ ደግሞ ያውቃቸዋል፤ «አዎን፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ይሸከሙለታል። የከበደውም ይኼ ነው።

ቀና ሲል ምሥራቅን አያት። ከሴቶቹ አንደኛ ወጥታ የሰጧትን የምስክር ወረቀት አጥፋ ደብተሯ መሐል ከተተች። የተዋሰችውን የሩጫ ጫማ ላዋሰቻት ልጅ መለሰችና የላስቲክ ኮንጎዋን አጠለቀች። ከዚያ ባዶ ጆንያዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጅጋ መንገድ ወጣች። ቅዳሜ ነው፤ ስንቅ አልቋል። ያንኑ ዳገት ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ልትወጣው ነው፤ ነገ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ሸክም ይኖራል። የሚያጨበጭብ የለም። ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ እሷም ይኼን ትልቅ ነገር ብላ የያዘችው አትመስልም።

ተስፋው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፏል። «ሰዓቱ እየሄደ ነው። ስምህን ልጻፍ?»

ይርሳው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። ቀና አለ፤ ኮሚቴው የተቀመጠበትን ዳስ በስተግራው ትቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ጆንያ የያዘችው ልጅ በሄደችበት መንገድ፣ ዳገቱን እንደገና ሊወጣው ሄደ።