ምስሉን ማን አጠራው?

ጋሽ ሽቦ ሞቶ የተገኘው ከምሳ በኋላ በገዛ ወርክሾፑ ውስጥ፣ በሥራ ጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል በጎኑ ተጋድሞ ነው። ቀኝ እጁ ካቻቢቴ ጨብጧል። ጠረጴዛው ላይ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ክዳኑ ተነስቶ አንጀቱ ይታያል፤ ሶኬቱ ግን ከግድግዳው አልተነቀለም። መጀመሪያ የደረሰው ወጣት ፖሊስ አንድ ጊዜ ቃኘውና «ኤሌክትሪክ ነው የበላው» ብሎ ደመደመ። በር ላይ የተኮለኮለውም ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ይህንኑ ተቀባበለ። ዕድሜውን ሙሉ ከሽቦ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ሽቦ ቢገድለው ማን ይገረማል?

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ግን ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ሁሉም ያሳለፈው እንክርዳድ እሷ ጋ ሲደርስ ይቀራልና። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሟቹን ጣት አየች። ጫፉ ተቃጥሏል።

«ዙሪያው አልቀላም» አላት የፖሊስ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሕይወት ያለው ገላ ሲቃጠል ይቀላል። ይሄ የተቃጠለው ከሞተ በኋላ ነው። የገደለው ማጅራቱ ላይ ያለው ምት ነው።»

«ሲወድቅ ተመቶ ቢሆንስ?» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«ወለሉ እንጨት ነው። ይሄ ጠርዝ ያለው ብረት ነው።»

ወንፊት ተነስታ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች። መዶሻው፣ ፒንሳው፣ የተፈታው ኮተት ሁሉ አቧራ ለብሷል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የታሰረው፣ ዕቃ ነክሶ የሚይዘው ከባድ የብረት ሞርሳ ብቻ በጨርቅ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ከሞርሳው ወዲህ አንድ ያረጀ የጌም ማጫወቻ ከነጆይስቲኩ ተቀምጧል። አንዱ ገመዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ሌላው፣ ውሻ ያኘከው የሚመስለው፣ ኃይል ወደሚሰጠው አዳፕተር።

«ሁሉም ፎቶ ይነሳ» አለች። «ከዚያ ማንም ከዚህ ግቢ አይውጣ።»

ሬሳውን ያገኘው ጌሙን ለመውሰድ የመጣው የጥርስ ሐኪም ነበር። ሱፍ ለብሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሱቁ በረንዳ ላይ ቆሟል።

«ጠዋት ሲጮሁ ተሰምቷል» አለችው።

«ጮኼያለሁ፤ አልክድም። ሰሞኑን ካሴቱ አልገባ ብሎኝ ለጥገና ሰጠሁት። ስሰጠው ምስሉ መስተዋት ነበር። ተመልሶ ቤቴ ስሰካው ግን ከታች ወደ ላይ ጥቁር ማዕበል ይወጣበታል፣ ቀለሙ ይንቀጠቀጣል። ሳሎን ባለውም፣ መኝታ ቤት ባለውም ቴሌቪዥን ሞከርኩት፤ ያው ነው። ዛሬ ጠዋት መልሼ አመጣሁትና ‹አበላሻችሁብኝ› አልኳቸው።»

«ለአንድ መጫወቻ ይሄን ያህል?»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «የሟች እህቴ ነው። እሷ አንዱን ጆይስቲክ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ነው ያደግነው። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እና እኔን ነው የሚጠረጥሩት?»

«እስካሁን ሁሉንም ነው» አለችና ወደ ጓሮው ቤት አለፈች።

የሟቹ ባለቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት። ምሳ ላይ ምን አወራችሁ?»

«ምን ያወራል፤ እጁን እንኳ በቅጡ ሳይታጠብ ነው የተቀመጠው። ‹ቴሌቪዥኑ ንፁህ ነው፣ ገመዱም ንፁህ ነው› ይላል ለብቻው። በኋላ ጉርሻውን ሳይውጥ ቀጥ አለ። ‹ሰው በድያለሁ› አለኝ። ማንን ብዬ ሳልጨርስ ተነስቶ ሄደ።»

«ሱቁ ውስጥ አብሮት ከሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ጋር ይነጋገሩ ነበር?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ጨመደደች። «ከክረምቱ ወዲህ ደህና ቃል አልተለዋወጡም። ከዚህ ሱቅ ተጠግኖ የወጣ ዕቃ ማታ ተሰክቶ እንዳለ እሳት አነሳ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ነደደ፣ የሰዎቹ ልጅ እጇ ተቃጠለ። የጠገነው ወንድሙ ነበር። ባለቤቴ ‹ከእንግዲህ መበየጃ እንዳትነካ› አለው። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ዕቃ ተቀባይ ብቻ ሆነ።» ቀጠለች፤ «ክፉ አያስበኝ እንጂ፣ ሲያየው ዓይኑ ደህና አልነበረም።»

ወንድምየው ከመደርደሪያው ኋላ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል። በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ነው፤ እሱም ያውቃል።

«ወንድሙን ገደለ ነው አይደል የሚሉት?»

«እነሱ የሚሉትን እየሰማሁ ነው። አንተ ያየኸውን ንገረኝ። ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«ዕቃ ቤት ጋደም ብዬ። ብቻዬን።»

«ጥሩ መልስ አይደለም።»

«እውነቱ ግን እሱ ነው።»

ወንፊት በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እንዲህ ያለ ምስል ሲበላሽ ወንድምህ ከምን ይጀምራል?»

ልጁን ጥያቄው አስገረመው። «አንድ በአንድ መቀየር ነው። መጀመሪያ የምስሉን ገመድ በሌላ ገመድ። ቀጥሎ ጤነኛ ጌም ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት፤ እሱ ከጠራ ቴሌቪዥኑ ነፃ ነው። ከዚያ አዳፕተሩን። ሁለት ነገር አንዴ ከቀየርሽ ግን ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቂም። ይሄን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ጠዋት ጌሙን ከጥርስ ሐኪሙ የተቀበልከው አንተ ነህ። አዳፕተሩ ምን ይመስል ነበር?»

«ጥቁር። ገመዱ ልስልስ ያለ፣ አዲስ የመሰለ። ‹ለዚህ አሮጌ እንዲህ ያለ ገመድ!› ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

ወንፊት ፊቷን አልለወጠችም። ወርክሾፑ ይዛው ገባችና የቴሌቪዥኑን ክዳን መልሶ እንዲገጥም አዘዘችው። ብሎኖቹን ሲያነሳ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ጭንቅላታቸው ተፍቆ ተላልጧል።

«ይሄን የፈታ ሰው ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ነው የተጠቀመው። ልኩ ያለው እዚሁ ተሰቅሎ ሳለ…»

«አብራው።»

አበራው። ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ሜዳ ብቅ አለ። ማዕበል የለም፤ መንቀጥቀጥ የለም። ምስሉ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል።

ወንድምየው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ጠዋት እንዲህ አልነበረም። በዓይኔ አይቻለሁ! ማን ሠራው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች።

ከሱቁ ግማሹን የሚጠቀመው የሟቹ ሽሪክ ነው። በመስታወት በተከፈለው ወገን ስልክና ቻርጀር ይሸጣል። ወንፊት ስትገባ ተሽቀዳድሞ ወንበር ጠረገላት።

«ወንድሜ ነበር ስልዎት። የእናት ልጅ ይበሉት። ቀኝ እጄ ነው የተቆረጠው!»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት ያ የተረገመ ማዕበል ሲያሠቃየው በመስታወቱ አየሁትና ሰላም ልለው ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ወርክሾፑን አልረገጠም። ገበያ ነበረብኝ።»

«ጌሙን ከዚያ በፊት ያውቁት ነበር?»

«ከየት አውቄው? ጥገና የእነሱ፣ ስልክ የእኔ። ዛሬ ጠዋት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።»

«ጠረጴዛው ላይ ምን ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ጌሙ፣ ጆይስቲክ፣ ገመዱን ውሻ የቀረጠፈው አዳፕተር… ያው ኮተት ነው።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሰው ማማት ይሆንብኛል እንጂ ኢንስፔክተር፣ ታናሽየው ቂም ቋጥሯል። እኔ አላልኩም።»

«አላሉም» አለችና ወጣች። በር ላይ ወጣቱን ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር አዘዘችው።

ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለቤትየዋ ብቸኛዋን ወንበር ያዘች። የጥርስ ሐኪሙ በሩን ተደግፏል። ወንድምየው ጥግ ቆሟል፤ ማንም አጠገቡ መቆም አልፈለገም። ሽሪኩ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጋሽ ሽቦን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» ብላ ጀመረች። «ምሳ ላይ ቴሌቪዥኑ ንፁህ ነው ብሎ ለባለቤቱ ነግሯል። ንፁህ ነው ያለውን ዕቃ ተመልሶ ለምን ይከፍታል? ያውም ሶኬቱን ሳይነቅል፣ በማይሆን ካቻቢቴ ብሎን እየላጠ? የከፈተው ሌላ ሰው ነው። ሟቹ ተገፍቶ ይሄ ሞርሳ ላይ ወደቀ። ገፊው ደሙን ወለወለ፣ ጣቱን በመበየጃው አቃጠለ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተና ሄደ።»

ባለቤትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«የገፋውስ ማን ነው? ጠዋት ምስሉ መበላሸቱን ሦስታችሁ መስክራችኋል። አሁን ጠርቷል። ቴሌቪዥኑ ያው ነው። ጌሙ ያው ነው። የምስሉ ገመድም ያው። የቀረ አንድ ነገር አለ።» አዳፕተሩን አንስታ ለሐኪሙ አቀበለችው። «ያውቁታል?»

ሐኪሙ ገመዱን በጣቱ ዳሰሰ። «የእኔ ነው። ይሄን ያኘከችው የልጅነት ቡችላችን ናት።»

«ጠዋት ያመጡት ይሄን ነው?»

«አዎ… ቆይ።» ፊቱ ተለዋወጠ። «አይደለም። የዚያኛው ገመድ ልስልስ ነበር። በንዴት ሆኜ ልብ አላልኩትም እንጂ።»

«ወንድምየውም ያየው ልስልሱን ነው። እንግዲህ ስሙኝ። ዕቃው መጀመሪያ ለጥገና ሲመጣ አንድ ሰው ይሄን ደህናውን አዳፕተር ሊሸጠው አስቀርቶ በቀፎ ብቻ የሚመስለውን አስመሳይ ዕቃ በቦታው ተካ። መብራቱ ይበራል፤ ምስሉ ግን ይታመሳል። ጋሽ ሽቦ አንድ በአንድ እየቀየረ ዛሬ ደረሰበት፤ ያን ሰውም ፊት ለፊት ጠየቀው። ሰውየው ከገደለው በኋላ አስመሳዩን ወስዶ የተሰረቀውን መለሰ። ‹ምስሉ ከጠራ ስለ አዳፕተር የሚጠይቅ አይኖርም› ብሎ ነው። ስለዚህ ይሄ የታኘከ ገመድ ጠዋት እዚህ አልነበረም። የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው።»

ወደ ሽሪኩ ዞረች።

«እርስዎ ግን ጌሙን ከዛሬ ጠዋት በፊት አይቼው አላውቅም፣ ከዚያ ወዲህም ወርክሾፑን አልረገጥኩም ብለውኛል። ታዲያ ውሻ የቀረጠፈውን ገመድ የት አዩት?»

ሽሪኩ ወደ በሩ ተመለከተ። «ተ… ተሳስቼ ይሆናል። ሰው ሲናገር ሰምቼ…»

በዚህ መሀል ወጣቱ ፖሊስ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። «ከቻርጀሮቹ ሥር ነው ያገኘነው።» ከላይ ገመዱ ልስልስ የሆነ፣ ሆዱ በካቻቢቴ የተፈለቀቀ አዳፕተር አለ፤ ከሥሩ መሰሎቹ ተከምረዋል።

ወንድምየው አንዱን አንስቶ ውስጡን አየ። 

«ባዶ ነው። ኃይሉን የሚያረጋጋው ዕቃ የለበትም፤ እሳት የሚከለክለውም የለበትም።» ቀና አለ። «በክረምት… ያቺን ልጅ ያቃጠላት ይሄ ነው። እኔ የጠገንኩት ደህና ነበር። አዳፕተሩን የሰጠሃቸው አንተ ነህ!»

ሽሪኩ ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ልገድለው አልፈለግኩም» አለ በተሰበረ ድምፅ። «የአዳፕተሩን ሆድ ከፍቶ አሳየኝ። ‹ወንድሜን ያለ ጥፋቱ አሳደድኩት፤ አሁኑኑ ለፖሊስ እነግራለሁ› አለ። ዝም በል ብዬ ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት…»

ወጣቱ ፖሊስ እጁን በካቴና አሰረው። ሲወስዱት መንገደኛው ሁሉ ለማየት ተጋፋ።

ባለቤትየዋ ግን ከወንበሯ ተነስታ ማንም ያልቀረበው ጥግ ድረስ ሄደች። የባሏን ወንድም ክንዱን ያዘችው። «ምሳውን ትቶ የተነሳው ላንተ ነበር» አለችው። «እኔም እኮ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንተን ነው የጠረጠርኩት፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ።» ልጁ እስከዚያች ሰዓት ዕንባ አልወጣውም ነበር። ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንፊት ሐኪሙን በዓይኗ ጠቅሳ ይዛው ወጣች።

ከቀብር በኋላ፣ ለቅሶተኛው ሲሳሳ፣ ባለቤትየዋና ወንድምየው ተያይዘው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሄዱ። ወንድምየው ከክረምቱ ወዲህ በዚያ በር እንዳያልፍ መንገድ እየቀየረ ይሄድ ነበር። አንኳኳ። የከፈተው የልጅቷ አባት ነው፤ ማን እንደሆነ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ወንድምየው የሆነውን ሁሉ እዚያው ደፍ ላይ ቆሞ ከሥር መሠረቱ ነገረው፤ አልቸኮለም፣ አንዲትም ቃል አላስቀረም። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠው። 

«ሰላምታ ነፍጌህ ነበር» አለ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ውስጥ ተጣራ። «አንቺ ልጅ፣ ወንበር አምጪ። እንግዳ መጥቷል።»